ለጡረታ ጉዞ የሚሆን ያገለገለ የናፍጣ መኪና አመራረጥ

አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ታንከር ይዞ ከፋብሪካ የወጣ መኪና በባሕር ዳር ጎዳና ላይ ብርቅ ነው። አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው ከሩቅ አገር እየነዱ የሚመጡ ቱሪስቶች መኪና ነው፤ እሱም ለጊዜው የገባ ስለሆነ ቀረጡ ሳይከፈል አይሸጥም። ስለዚህ ጡረታ ወጥቶ ከጎርጎራ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ላሊበላ እየተዘዋወረ፣ የመሸበት ማደር ለሚፈልግ ሰው ሁነኛው መንገድ ያገለገለ የናፍጣ ሚኒባስ ወይም ሚዲባስ ገዝቶ ውስጡን ማሠራት ነው። እዚህ የሚነገረው በዋናነት ስለ ግዢው ነው፤ የውስጥ ሥራው የሚነሣው ግዢውን የሚወስነውን ያህል ብቻ ነው።

አብዛኛው ገዢ መጀመሪያ ሞተር አስነሥቶ ያዳምጣል፣ ከዚያ ቀለሙን ያያል፣ ሊብሬ የሚጠይቀው ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ነው። መሆን ያለበት የተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ሻንሲ (መኪናው የቆመበት የብረት አጥንት) እና ላሜራ (ቆርቆሮው)፣ ከዚያ ሞተር፣ ምቾት መጨረሻ። የደከመ ሞተር እዚሁ ባሕር ዳር ወርዶ ይታደሳል፣ ካልሆነም በሌላ ይተካል። የበሰበሰ ሻንሲና የተበላሸ ሊብሬ ግን ገንዘብም ጊዜም ከበሉ በኋላ ያው ናቸው።

የትኛው መኪና ያዋጣል

ለሁለት ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ቶዮታ ሃይስ ነው። ዶልፊን፣ አባዱላ እየተባለ በየመናኸሪያው የሚሰለፈው እሱ ነው፤ መለዋወጫው በየሱቁ አለ፣ የማይፈታው መካኒክ የለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ሞዴል ረጅሙና ጣሪያው ከፍ ያለው ዓይነት 5.38 ሜትር ርዝመትና 1.88 ሜትር ስፋት አለው። ከጋቢናው ጀርባ 3.5 ሜትር ገደማ ይገኛል፤ 1.90 ሜትር አልጋ ተዘርግቶ ለምድጃና ለዕቃ ሣጥን ይተርፋል። ጉድለቱ ከወለል እስከ ጣሪያ 1.63 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ውስጡ ጎንበስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ወገቡን ለሚያመው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 4.7 ሜትር ገደማ የሆነው አጭሩ ዓይነት ለቅዳሜና እሑድ ይበቃል፣ ለወር ጉዞ ግን ያታክታል።

ሃይስ ሲገዙ የሞተሩን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። 3ኤል (2,779 ሲሲ) እና 5ኤል (2,986 ሲሲ) ቱርቦ የሌላቸው፣ በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩ የድሮ ናፍጣዎች ናቸው። ዳገት ላይ ይንቀራፈፋሉ። ነገር ግን ኮምፒውተር አይፈልጉም፣ ንጹሕ ያልሆነ ናፍጣም ይታገሣሉ። 2ኬዲ (2,494 ሲሲ) እና 1ኬዲ (2,982 ሲሲ) ባለ ቱርቦና ባለ ኮመን ሬይል (ናፍጣው በኮምፒውተር እየተመጠነ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭባቸው) ናቸው፤ ጉልበታቸው ሌላ ነው፣ ናፍጣም ይቆጥባሉ። የታወቀ ሕመማቸው ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ዋሸር ናት። ዋሸሯ ስታረጅ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይኛው ክዳን ሾልኮ ይገባና ዘይቱን ያከስለዋል፤ ጥቀርሻው ወርዶ በካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል፤ ሞተሩም ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ባለ ኬዲ ሞተር ሃይስ ከወደዱ ካርተሩ ተፈትቶ ወንፊቱ እንዲታይ ይጠይቁ። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ሻጩ እምቢ ካለ ምክንያት አለው ብሎ መጠርጠር ነው።

ዘመኑን በመንገድ ሊያሳልፍ ለቆረጠ ጥንድ ቶዮታ ኮስተር ይበልጣል። ረጅሙ ዓይነት 7 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበታል፣ አልጋው ሳይታጠፍ ውሎ ያድራል። 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ ሞተሩ ቱርቦ የለውም፤ አይቸኩልም፣ በደንብ ከተያዘ ግን ብዙ ይሄዳል። ለ100 ኪሎ ሜትር ከ13 እስከ 16 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፤ ሃይሱ ከ9 እስከ 12 ነው። ኮስተር የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ቤት፣ ከሆቴል ወይም ከአስጎብኚ ድርጅት ነው። ከእነዚህ መካከል የሆቴሉ ይመረጣል፤ አጭር ርቀት በአስፋልት የተመላለሰ ስለሆነ ሻንሲው ያልተጎዳ ሊሆን ይችላል።

አይሱዙ ኤንፒአር ላይ የተሠራው ቅጥቅጥ በዋጋው ያማልላል። ሻንሲው ጭነት የለመደ ነው፣ 4ኤችኤፍ1 እና 4ኤችጂ1 ሞተሮቹ በጥርስ እንጂ በቺንጋ ስለማይዞሩ የሚበጠስ የታይሚንግ ቺንጋ የላቸውም። ችግሩ ባሌስትራው (ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ሙሉ ጭነት እንዲሸከም የተሠራ በመሆኑ ቀለል ሲል ይዘላል፤ የአገር ውስጥ ቦዲውም ብየዳ በብየዳ ነው። መወጣጫው ከፍ ያለ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከመግዛቱ በፊት አሥር ጊዜ ወጥቶ ይውረድበት፤ ከማንኛውም የሞተር ምርመራ የበለጠ ይነግረዋል።

ስፕሪንተር፣ ዱካቶና መሰል የአውሮፓ ቫኖች ለዓይን ያምራሉ። አዳዲሶቹ የጭስ ማጣሪያና የዩሪያ ፈሳሽ የሚፈልጉ ናቸው። ማጣሪያው ዝቅተኛ ሰልፈር ያለው ናፍጣ ይፈልጋል፤ ሲደፈን መኪናው ጉልበቱን ቆርጦ በዝግታ ብቻ ይሄዳል፣ ዕቃውም ከውጭ ይመጣል። ለአዛውንት አይመከርም።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር በዓይንዎ ያመሳክሩ። ፎቶ በስልክ ተልኮልኝ አየሁ ማለት አይበቃም። ቁጥሩ የተመታበት ላሜራ ዙሪያውን የተበየደ፣ የተፋቀ ወይም እሱ ብቻ አዲስ የተቀባ ከሆነ ድርድሩ እዚያው ያልቃል። ሞተሩ ተቀይሮ ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ካልተስተካከለ ሻጩ አስተካክሎ ይምጣ፤ «በኋላ እናስተካክላለን» ማለት እርስዎ ያስተካክላሉ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቀረጥ ነው። ለኢንቨስትመንት፣ ለቱሪዝም ወይም ለድርጅት ሥራ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ግለሰብ አይዞርም። በጣና ዙሪያ የሆቴልና የአስጎብኚ መኪና ስለሚበዛ ይህን በተለይ ይጠይቁ። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ያረጀ መኪና ላይ የሚጣለው ታክስ ከባድ ስለሆነ፣ «ቀረጧ ትንሽ ናት» ለሚል ደላላ ጆሮ አይስጡ፤ ሒሳቡን ከጉምሩክ ይስሙ።

ሰሌዳውን ይመልከቱ። ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ ነው። ሃይሶቹና ቅጥቅጦቹ አብዛኞቹ ኮድ 3 ናቸው፤ ለግል ጉዞ ሲውሉ የግብሩም፣ የኢንሹራንሱም፣ የዓመታዊ ምርመራውም ጉዳይ አብሮ ይመጣል። ወንበር አውጥቶ አልጋ ማስገባት ሊብሬ ላይ የተጻፈውን የወንበር ብዛት ይለውጣል፤ ቦሎ ሲታደስ ይህ ይጠየቃል። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ኮዱ ወደ 2 ይለወጥ እንደሆነና የወንበር ለውጡ እንዴት እንደሚጸድቅ። እግረ መንገድዎን የመንጃ ፈቃድዎ ምድብ ያን መኪና ይሸከመው እንደሆነ ያረጋግጡ። ኮስተር ገዝቶ ሹፌር መቅጠር የጡረታ ዕቅድ አይደለም።

የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳና ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት መኖር አለመኖሩ ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት ይጣራል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ውስጥ «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መኖሩን፣ አለመሻሩንም ያስጣሩ። ቀብድ ከዚህ ሁሉ በፊት አይሰጥም።

ሻንሲና ላሜራ

ጣና ጨው የለውም፤ ስለዚህ የሐይቁ ዳር መኪና እንደ ባሕር ጠረፍ መኪና ከላይ አይበላም። የሚበላው ከሥር ነው። በክረምት የፎገራና የደምቢያ ዋልካ ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ወራት ያድራል፤ ጭቃው ውስጥ ያለው እርጥበት ላሜራውን ቀስ እያለ ያበሰብሰዋል። በአፋር በኩል ጨው ያመላለሰ መኪና ደግሞ የባሰ ነው፤ የቀድሞ መስመሩን መጠየቅ አይከፋም።

ከሥሩ ለመግባት ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ይፈልጉ። የሚከተሉት ቦታዎች ላይ ይቆዩ፦ የተንሸራታቹ በር መወጣጫ ሥር፣ የኋላ ጎማዎች ጉልላት ከውስጥ በኩል፣ የባትሪው ማስቀመጫ፣ የፊት መስታወት ታችኛ ማዕዘኖች፣ የጣሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ተቀያሪ ጎማው የሚንጠለጠልበት ቦታ። ትንሽ መዶሻ ይዘው ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ይኳኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድብን ያለ ነው። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫን ይበሉ፤ ከገባ አለቀ። የሻንሲው ሆድ በሙሉ በአዲስ ጥቁር ቀለም ወይም በተቃጠለ ዘይት ከተቀባ አንድ ክንድ ያህል ቦታ በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ጠርገው ይዩ። ዘይት መቀባት በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ዝገት ለመከላከል ብለው የሚያደርጉ አሉ። ትናንት የተቀባ ከሆነ ግን ምን ተሸፈነ ብሎ መጠየቅ ነው።

ለጎን ላሜራው ማግኔት ይያዙ። ቀለሙን እንዳይቧጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ከወገብ በታች ያሂዱት፤ የሚለቅበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ ልጥፍ) አለ። የእጅ መዳፍ ታህል ስቱኮ በሚኒባስ ላይ የተለመደች ናት። ሙሉ ጎን ከሆነ ግን መኪናው ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። የመሐል ለመሐል ርቀቱን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በግራም በቀኝም በሜትር ይለኩ፤ መሪው ቀጥ ብሎ በሁለቱ መካከል ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ሻንሲው ወይም አክስሉ ከቦታው ተነቅሏል።

ጎርፍ የገባበት መኪና በሌላ ይታወቃል። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡት፤ የጭቃ መስመር ወይም የሻጋታ ነጠብጣብ ካለበት ውኃው እስከዚያ ደርሷል። የወለሉን ምንጣፍ ያንሡ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያሉ የሽቦ መጋጠሚያዎች አረንጓዴ ዱቄት አውጥተው እንደሆነ ይዩ። እንዲህ ዓይነት መኪና ዛሬ ይነሣል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን መብራቱ፣ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው)፣ ዲናሞው እየተራ ይበላሻል።

አንድ ተጨማሪ የሃይስ ጉዳይ አለ። ከጃፓን ገበያ ወጥተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረላቸው አሉ። ለማወቅ መሪውን አይመልከቱ፣ በሩን ይመልከቱ። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ተንሸራታቹ በር በቀኝ መሆን አለበት። በግራ ብቻ ከሆነ መኪናው ለግራ ነጂ አገር የተሠራ ነው፤ በየቆሙበት የሚወርዱት ወደ አስፋልቱ መሐል ነው፣ የመሪው ማያያዣና የፍሬን ቱቦውም በእጅ ሥራ የተዛወረ ነው። የዝናብ መጥረጊያው የሚተኛበት አቅጣጫም ያጋልጠዋል።

ኪሎ ሜትሩን አይመኑ። በቀን 300 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ የመስመር ሚኒባስ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 90,000 ይሞላል፤ አሥር ዓመት ሠርቶ 180,000 የሚያሳይ ከሆነ ቆጣሪው ተመልሷል። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳል ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ የበለጠ ይመሰክራሉ። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያነቡታል፤ 3219 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ6 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ቢኖረውም በዓባይ በረሃ ሙቀት አይታመንም።

ሞተሩን በቀዝቃዛው

ቀጠሮዎ ከጧቱ 12 ሰዓት ይሁን፤ ሻጩ ቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት። ሲደርሱ ሞተሩን በእጅዎ ይንኩት። ከሞቀ ተመልሰው በሌላ ቀን ይምጡ። በሃይስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፤ ወንበሩ ተነሥቶ ይታያል።

1. ሳይነሣ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈት። ውኃው ላይ የዘይት ዓይን ወይም የዝገት ዝቃጭ ካለ ታሪክ አለው። ዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ውኃ ገብቷል። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ጤና ነው፤ ማር የመሰለ ንጹሕ ከሆነ ትናንት ተቀይሯል። ዘይቱ ከልኩ በላይ ሆኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ፓምፑ ወይም ኢንጀክተሩ ወደ ዘይቱ ያፈሳል።

2. ቁልፉን ከፍተው የማሞቂያ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁና ያስነሡ። በሁለት ሦስት ሰከንድ መነሣት አለበት። ረጅም ከተንቀጠቀጠና ነጭ ጭስ ከተፋ ብዙ ጊዜ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ናቸው፤ ርካሽ ነገር ነው። በደቂቃ ውስጥ ካልጠራ ግን ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ወድቋል ወይም ኢንጀክተሩ ያንጠባጥባል።

3. በተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛውን የራዲያተር ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ጨበጥ ያድርጉት። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ማኒኮቶው ከጠነከረ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው፤ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል።

4. የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ቀዳዳው ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት። ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፤ ከተወረወረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ አልቀዋል።

5. ከሞቀ በኋላ ነዳጅ ይስጡት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱ ነው። ጥቁር ጭስ ላይ አይቸኩሉ፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲጫን ጥቂት መጥቆሩ ያለ ነው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያስወጡና ይዩ።

ዋጋው ሊቆረጥ ሲቃረብ ኮምፕሬሽን ያስለኩ። በእነ 3ኤል የማሞቂያ ካንዴላው ወጥቶ በቀዳዳው ይለካል። አዲስ ሞተር 30 ባር (የግፊት መለኪያ) ገደማ፣ ዝቅተኛው ልክ 20 ገደማ፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ5 የማይበልጥ ነው የሚባለው። እነዚህ ቁጥሮች ግን የባሕር ጠለል ናቸው። እዚህ ጤነኛው ሞተር ራሱ 24 ወይም 25 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከማነሱ ይልቅ ልዩነቱ ነው የሚያሳስበው፦ አራቱም 23 ከሆኑ ተመስገን፣ ሦስቱ 25 ሆነው አንዱ 18 ከሆነ አይግዙ።

የናፍጣ ማጣሪያውን ከሥሩ ፈተው ግማሽ ብርጭቆ ናፍጣ በጠራ ብርጭቆ ይቅዱ፣ አሥር ደቂቃ ያስቀምጡት። ከታች ውኃ ከተኛ መኪናው የጀሪካን ናፍጣ ሲጠጣ ኖሯል። ለ5ኤል ይህ የጽዳት ጉዳይ ነው፤ ለ1ኬዲ ግን የፓምፕና የአራት ኢንጀክተር ወጪ ሊሆን ይችላል።

መንገድ ላይ

ወደ ቤዛዊት የሚወስደው ዳገት አጭር ነው፤ ፍሪሲዮን ለመፈተን እንጂ ሙቀት ለማየት አይበቃም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀው ከሆነልዎ ወረታ ድረስ ይንዱ፤ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ይውጡ። ከሐይቁ ሜዳ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር የሚወጣው መንገድ የራዲያተሩን፣ የቱርቦውንና የማርሹን እውነት ያወጣል። የሙቀቱ መለኪያ መሐል ላይ ቆሞ መቅረት አለበት። በባሕር ዳር ከፍታ ላይ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ከዚያ በላይ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ፍላቱን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ብዙ «ይሞቃል» የተባለ መኪና ክዳኑ የላላ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እንዲህ ካለው ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል።

ሲመለሱ ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ይውረዱ። ማርሹ እየዘለለ ወደ ዜሮ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ወጪ ያስወጣል። ታች ሲደርሱ አራቱንም ቸርኬ በእጅ ጀርባ ጠጋ ብለው ይሞክሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። አዲስ አበባ በደጀን በኩል ለመሄድ የሚያስብ ሰው ይህን ፈተና አይዝለል፤ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ያረጀ የፍሬን ፈሳሽም እርጥበት ስለሚይዝ እዚያ ላይ ይፈላል። ፔዳሉ ሲረገጥ ወለል የሚነካው ያኔ ነው።

ለፍሪሲዮን፦ የእጅ ፍሬን ይዘው አራተኛ ማርሽ አስገብተው ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። እየጮኸ ከቀጠለ ሸራው አልቋል።

ውስጡን ከማሠራት በፊት የሚታሰብ

ሃይስ 12 ቮልት፣ ኤንፒአር 24 ቮልት ነው፤ ኮስተርም ብዙውን ጊዜ 24 ነው። የ24 ቮልት መኪና ውስጥ ፍሪጅና መብራት ለማስገባት ኤሌትሪሺያኑ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ 12 ቮልት ቀንጥሶ ይስባል። አንዱ ይራባል፣ አንዱ ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም በጥቂት ወራት ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ ይግባ፣ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ለቤቱ የራሱ ባትሪ ነው። ለአነስተኛ ፍሪጅ፣ ለመብራትና ለስልክ 200 ዋት ሶላርና 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ይበቃል፤ ተራ የአሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት 200 ያስፈልጋል። በሐምሌና ነሐሴ ደመናው ስለማይገለጥ ሞተሩ ሲዞር የሚሞላበት መስመርም ይኑር።

ክብደቱን ደምሩ። የ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አንድ ሙሉ ጣውላ 30 ኪሎ ያልፋል፤ የ12 ሚሊው 20 ገደማ ነው። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው። የውኃ ሮቶ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ የሚጭኑ አሉ፤ ኩርባ ላይ መኪናውን የሚጥለው እሱ ነው። ውኃ ከወለል አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ከኋላ አክስሉ ፊት ይቀመጥ። የጋዝ ሲሊንደር የሚገባበት ሣጥን ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት ቀዳዳ ይኑረው፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ታች ይተኛል።

አስቀድሞ የተሠራ መኪና ከቀረበልዎ በሃይሱ ሞተር ክዳን ላይ የተቸነከረ ሣጥን እንዳለ ይዩ። ለዘይት ቅየራ ኩሽናውን መንቀል ካለብዎ ሥራውን የሠራው አናጢ እንጂ መኪና የሚያውቅ ሰው አይደለም። መስኮቶቹ ላይ ወንፊት ይኑር፤ የሐይቁ ዳር የወባ አገር ነው። ታንከሩ ከሐይቁ አይሞላ፣ በዳርቻው ቢልሃርዚያ አለ። ያገለገለ ውኃም ወደ ሐይቁ አይደፋም፤ ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው፣ እምቦጩም እንዲህ ያለ ፍሳሽ ይወዳል።

ከገዙ በኋላ ባለው ሳምንት

ከመግዣው ገንዘብ ሩቡን ያህል ለጥገና ሳይነኩ ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ሥራ የታይሚንግ ቺንጋ ነው። ሻጩ «አምና ተቀይሯል» ቢል እንኳ ደረሰኝ ካላሳየ ይቀየር፤ በ3ኤል፣ 5ኤልና 1ኤችዜድ በየ100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መወጠሪያው ኩሽኔታና የውኃ ፓምፑ አብረው ይቀየሩ፤ የጉልበት ዋጋው ያው አንድ ነው። ቀጥሎ ዘይትና ሦስቱ ማጣሪያዎች፦ ለ5ኤል 6 ሊትር ገደማ፣ ለ1ኬዲ 7፣ ለ1ኤችዜድ 10 ገደማ፣ 15-40 የናፍጣ ሞተር ዘይት፤ የመጨረሻውን ግማሽ ሊትር በመለኪያው እያዩ ይሙሉ። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ የፍሬን ፈሳሽ፣ ራዲያተሩ ታጥቦ ኩላንት። ከትርፍ ዕቃ አንድ የናፍጣ ማጣሪያ፣ አንድ የዲናሞ ቺንጋ፣ የላይና የታች ማኒኮቶ፣ ፊውዝ፣ ክሪክና የሚጎትት ገመድ ከወንበር ሥር ይደሩ።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ ይሁን፤ ቢቆም እንኳ መካኒክ የሚደርስበት ርቀት ነው። 100 ኪሎ ሜትር ከሞላ በኋላ የአራቱም ጎማ ብሎኖች እንደገና ይጥበቁ፣ ዘይቱ ይለካ፣ መኪናው ባደረበት ቦታ ሥር ካርቶን ዘርግተው ጧት ምን እንደተንጠባጠበና ከየት እንደሆነ ይዩ።